የሚየን ጤነኛ አሳማዎች

በጨረቃ አቆጣጠር፣ ሁለተኛ ወር 6

ታክ ከንጋት ጀምሮ በድምፅ ማጉያው ሲለፈልፍ ዋለ። የሰፈራችን ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ማይክሮፎን ካገኘ መልቀቅ አያውቅም። «ከነገ ወዲያ ክትባት ነው። የማኅተም በሽታ ክትባት። አሳማችሁን ከጋጣ እንዳታወጡ፤ ጋሼ ካይ በየቤቱ ይዞራል።» ሦስት ጊዜ ደገመው። ሦስቱንም ጊዜ ስሜን አንስቷል፤ እሱን እንኳ አልጠላሁትም።

የምፈራው ያለፈው መኸር እንዳይደገም ነው። ያኔ ከከተብኳቸው አሥራ አንዱ ትኩሳት ያዛቸውና ሁለት ቀን መኖ አልቀምስ አሉ። አንድም አልሞተም። ጎረቤቴ ራንግ ግን ገንዳውን በእግሩ ገልብጦ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ «ጋሼ፣ አንተ የከብት ሐኪም ነህ ወይስ ጠንቋይ?» አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩት መንደር ነው ይህን የሚለኝ። እጄ አመድ አፋሽ ነው።

ዘንድሮ መላ አግኝቼለታለሁ። ባለቤቴ ቶዋ በሱቋ የምትሸጠው ብርቱካንማ የትኩሳት ዱቄት አለ። ከተከተቡበት ቀን ጀምሮ ሦስት ቀን ከመኖ ጋር ከተሰጣቸው ትኩሳት የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሰውም አፉን ይዘጋል። ለቶዋ ሱቅም ክፉ አይደለም።

ሁለተኛ ወር 8

እርጥቡ ነፋስ ገብቷል። ወለሉ ያልበዋል፣ ግድግዳው ያልበዋል፣ ልብስ አይደርቅም። የማኅተም በሽታ የሚወደው አየር ይህ ነው። ቆዳቸው ላይ ቀይ አራት ማዕዘን ማኅተም የተመታ የሚመስል ምልክት ያወጣባቸውና በሁለት ቀን ይጨርሳቸዋል።

አሥራ ሁለት ቤት፣ አርባ ስድስት አሳማ። ክትባቱን በፔርሙስ፣ ከበረዶ ጋር ይዤ ዞርኩ። ከጆሮ ጀርባ አንድ መርፌ፣ ጀርባቸው ላይ አንድ ጭረት ሰማያዊ ቀለም፣ ለባለቤቱ ሦስት ከረጢት ዱቄት። ታክና ራንግ አሳማ እየያዙ አብረውኝ ዞሩ። ሴቶቹም፣ ቶዋም ጭምር፣ ለወሬ ተከተሉን።

የመጨረሻው ቤት የሚየን ነበር። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። ያሏት ሁለት እናት አሳማዎች ናቸው፤ አንዷ አርግዛለች፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ሚየን በጦርነቱ ጊዜ አምስት ዓመት ጫካ ውስጥ የወታደር ነርስ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሁሉን የምታውቅ ይመስላታል። ከረጢቱን አገላብጣ አነበበችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ዱቄት ፔኒሲሊን አለበት።»

«ታዲያስ?»

«ክትባቱ ሕይወት ያለው ጀርም ነው ብለኸን የለም እንዴ? ሰውነታቸው እንዲለማመደው ነው የምትወጋቸው። በላዩ ፔኒሲሊን ካበላናቸው ጀርሙ ይሞታል። ከዚያ በምኑ ይለማመዱ?»

ሁሉም እኔን አየ። ራንግ ፈገግ ሊል ሲያኮበኩብ አየሁት። ያ የገንዳው ነገር ትዝ አለኝ።

«ሚየን፣ አንቺ የወታደር ቂጥ ስትወጊ ነው የኖርሽው» አልኳት። «የአሳማ ቂጥ ከበድ ይላል። ለእኔ ተዪልኝ።»

ሳቁ። ታክማ እስኪያስለው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ከረጢቶቹን በሁለት እጇ፣ በአክብሮት መለሰችልኝ። «እንግዲያው የእኔዎቹ ይተኩሱ» አለች።

የክትባቱ ሣጥን ውስጥ የታጠፈ መመሪያ ወረቀት አለ። ፊደሉ ጉንዳን ነው፤ መነጽሬም ተሰብሯል። እዚህ ደብተር መሀል አስገብቼዋለሁ፣ ነገ አነበዋለሁ።

ሁለተኛ ወር 11

አንድም አልተኮሰም። የሚየን ሁለቱ ብቻ አንድ ቀን መኖ ቀነሱ አሉ። «ነገርኳት» ብዬ ለታክ ነገርኩት። ራንግ ዐሥር የዳክዬ እንቁላል ላከልኝ። «እጅህ ወርቅ ነው፣ ጋሼ» አለ።

ወረቀቱን ገና አላነበብኩትም። ምን ያጣድፈኛል።

ሦስተኛ ወር 1

ራንግ በጠዋት አስጠራኝ። ሁለት ሞተዋል። ሦስተኛው ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ጎኑ ላይ ቀይ አራት ማዕዘን፣ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ሌላ። ሰማያዊው ቀለሜ ገና አልለቀቀም።

«ምንድነው ጋሼ?»

«የአሳማ ቸነፈር» አልኩት።

«ቀዩ ምልክትስ? የማኅተም በሽታ አይደለም?»

«የማኅተሙን ከተብኩላችሁ አይደል? የተከተበ በምን ይይዘዋል? ቸነፈርም ያቀላል።»

ከአፌ ወጣ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ደግሞስ እውነት አይደለም? የተከተበ አይያዝም። ቸነፈር ነው። ቸነፈር መድኃኒት የለውም፤ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ከሰማይ የወረደ ነው።

የመድኃኒት ሣጥኔ ውስጥ አርባ ብልቃጥ ፔኒሲሊን አለ። ለማኅተም በሽታ ፍቱን ነው። ለቸነፈር ግን አይሰጥም። ብወጋቸውና ቢድኑ ሰው ምን ይላል?

ሦስተኛ ወር 2

የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ያሉት ቤቶች፣ ሦስት። የታክ እህት፣ አንድ። ራንግ ጋ ደግሞ እናቲቱ አሳማ።

ዝናብ። ወለሉ ያልበዋል።

ሦስተኛ ወር 4

ዘጠኝ ሞተዋል። ቶዋ መነጽሬን በክር አስራ ሰጠችኝ።

ወረቀቱን አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። መልሼ አጠፍኩት። እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጽፉት ከተማ ቁጭ ብለው ነው፤ አሳማ በዐይናቸው አይተው አያውቁም።

ሦስተኛ ወር 5

ራንግ ሦስተኛውን ከመሞቱ በፊት አረደው። እዚህ አገር የታመመ አሳማ እንዲሁ አይጣልም፤ ሳይወድቅ ይታረዳል፣ ጎረቤት ይጠራል። እኔም ሄጄ በላሁ፤ ባልሄድ ምን ያስቡ ነበር? ጥሬው ደም ረግቶ፣ ኦቾሎኒ ተነስንሶበት ቀረበ። አንዷ ሴትዮ ማንኪያዋን ይዛ ስታመነታ «ብዪ፣ ቸነፈር ሰው አይዝም» አልኳት። በሉ። የፊት እግሩን ስገነጥል ቢላው አመልጦኝ የቀኝ ሌባ ጣቴን ጫረኝ። ትንሽ ነገር ነው።

አረቄው ሲዞር የራንግ ሚስት ጀመረች።

«የሚየን አሳማዎች እኮ ደህና ናቸው።»

«ሁለቱም?» አለ ታክ።

«ሁለቱም። ገንዳቸውን ልሰው ያብሳሉ። ዛሬ አይቻቸዋለሁ።»

«የአሥራ አንድ ቤት አሳማ እየረገፈ የእሷ ብቻ?»

ታክ ወደ እኔ ዞረ። ለምን ደህና እንደሆኑ አውቃለሁ። ማለቴ፣ ሊሆን የሚችለውን አውቃለሁ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።

«ቸነፈር አንዳንዴ ጤነኛ መስሎ ይደበቃል» አልኩ። «አይታመምም፣ ለሌላው ግን ያቀብላል።»

ይህን ያልኩት በጥቅሉ ነው። ስሟን አላነሳሁም።

ሦስተኛ ወር 7

አሥራ አራት።

ቶዋ ከገበያ ስትመለስ የነገረችኝ፦ የሩዝ ፍሩሽካ ለሚየን የሚሸጥላት ጠፍቷል። ሴቶቹ ከእሷ ጉድጓድ መቅዳት ትተዋል። የራንግ ሚስት ደጃፏ ላይ ኖራ በተነችባት። «በጦርነቱም ሬሳ እየለቀመች ነው የኖረችው» ብላታለች አሉ። ሚየን መጥረጊያ አምጥታ ኖራውን ጠርጋ ገባች።

«አንተ» አለችኝ ቶዋ፣ «ያን ቀን ስለ ዱቄቱ ምን ነበር ያለችው?»

«እኔ እንጃ። ሰው ሲስቅ አልሰማሁም።»

«እኔም የማስታውሰው ያንተን ቀልድ ነው» አለች። ሁሉም የሚያስታውሰው ቀልዱን ነው። ዝም አይነቅዝም።

ጣቴ አብጧል። ወይን ጠጅ መስሏል፣ ዳር ዳሩ ደግሞ ይነድዳል።

ሦስተኛ ወር 8

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ጣቴ እንደ ሸንኮራ ወፍሯል፣ ብብቴ ሥር እብጠት ወጥቷል። የጤና ኬላው ነርስ ወረዳ ለስልጠና ሄዷል። ቶዋ ሳትጠይቀኝ ወጥታ ሄደች፤ ስትመለስ ሚየንን አስከትላ ነው።

ሚየን እጇን ታጠበች። ጣቴን ወደ ብርሃኑ ይዛ ብዙ ቆየች።

«አሳማ ስትበልት ቆርጦህ ነው?»

«አዎ።»

«የራንግን?»

«አዎ አልኩሽ።»

«ቸነፈር ሰው አይዝም» አለች ቀስ ብላ። «ትናንት አይደለም የማውቀው፣ ጋሼ። እንዲህ ያለ ጣት ጫካ ውስጥ አሳማ ካረዱ ወታደሮች ላይ ስንቱን አይቻለሁ። ይሄ የማኅተሙ ነው።»

የምክድበት ቦታ አልነበረም፤ በሽታው የራሴ ጣት ላይ ተቀምጧል። ሣጥኔን ራሷ ከፈተች።

«ስንት ብልቃጥ አለህ?»

«አርባ።»

«አርባ» አለች። ከዚያ አንዱን አንስታ በጠበጠችና ወጋችኝ። እጇ ቀላል ነው፤ እንዳልተወጋሁ ነው የቆጠርኩት። «አምስት ቀን ነው። በየቀኑ እመጣለሁ፣ እንዳታቋርጥ።»

በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቶዋ ውሃ ልትደፋ ወጥታ ነበር።

«ጋሼ፣ የቀሩትን አሳማዎች ውጋላቸው። ምን እንደሆነ አትንገራቸው፣ ቫይታሚን ነው በላቸው። እኔ ከአፌ ምንም አይወጣም። ስምህን ያዝ። የእኔን ሁለቱን ብቻ ተዉልኝ፤ ይገደሉ ማለት ጀምረዋል። እነሱ ከሄዱ እኔም እዚህ መቀመጫ የለኝም፣ ከተማ ወርጄ የሰው ሰሃን ማጠብ ነው።»

«እስቲ» አልኳት።

አሰብኩበት። አሳማዎቹ በመርፌ ከዳኑ ግን ራንግ ሞኝ አይደለም፤ «ቸነፈር መድኃኒት የለውም ያልከን አንተ አይደለህም?» ይላል። ከዚያ ዱቄቱ ይነሳል። ከዚያ ቂጥ ያልኩት ይነሳል። እሷም ዛሬ አልናገርም ትላለች፤ የነገን ማን ያውቃል። ሴት ናት።

ሦስተኛ ወር 9

እብጠቱ በግማሽ ወርዷል። እስክሪብቶ መያዝ እችላለሁ።

ስብሰባ ነበር። አዳራሹ ሞላ። ታክ ከወረዳ የመጣ ወረቀት አንብቦ የበሽታው ምንጭ ተለይቶ ይወገድ ይላል አለ። «ጋሼ ካይ፣ ሐኪሙ አንተ ነህ። የሚየን አሳማዎች ያ የሚደበቀው በሽታ አለባቸው?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሚየን ከኋላ፣ ከምሰሶው አጠገብ ቆማለች። ጠዋት ወግታኝ ነው የመጣችው፤ የጣቴን ጨርቅ የጠቀለለችው እሷ ናት።

«አንቺ የምትዪው አለሽ?» አላት ታክ።

«ጋሼ ካይ ይናገር» አለች።

«ሊኖርባቸው ይችላል» አልኩ።

«ሊኖር ይችላል ለወረቀት አይሆንም። አለ ወይስ የለም?»

ራንግ ከፊት ተቀምጧል። አምስት አሳማ ሞቶበታል። ዐይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ያ ገንዳ።

«አለ» አልኩ።

ፈረምኩ። በጣቴ ምክንያት ፊርማዬ ጠማማ ሆነ፤ ታክ «ግድ የለም፣ ይታወቃል» አለኝ። ቀና ስል ከምሰሶው አጠገብ ማንም አልነበረም።

ይህ ሁሉ የመጣው በእሷ አፍ ነው። ያን ቀን በሰው ፊት ባትናገረኝ፣ ለብቻዬ ጠርታ ብትነግረኝ ኖሮ እሰማት ነበር። እሰማት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛ ወር 10

ሦስተኛው መርፌ። መጣች፣ ወጋች፣ ሄደች። ቶዋ ሻይ ብታቀርብላት አልጠጣችም።

ሦስተኛ ወር 11

ከወንዙ ግድብ ሥር ጉድጓድ አስቆፈሩ። እኔ ኖራውን አስመዘንኩ።

የመጀመሪያዋ ቶሎ አለቀች። ያረገዘችው ግን ከበሩ አልወጣ አለች። አምስት ሰው ገመድ ይዞ ጎተታት፣ ራንግ በዱላ መታት፣ እግሯን ተክላ ጮኸች። ያ ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በመጨረሻ ሚየን «ልቀቁልኝ» አለች። ገመዱን ፈታችው። ከጆሮዋ ጀርባ፣ እኔ የወጋሁበት ቦታ ላይ፣ እያከከቻት «ነይ እቴ፣ ነይ» እያለች ከፊት ከፊት ሄደች። አሳማዋ ዝም ብላ ተከተለቻት፣ እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ።

መዶሻው ሁለት ጊዜ አረፈ። ስትወድቅ ሆዷ ወደ ላይ ዞረ። ሆዷ ውስጥ ይንቀሳቀሱ ነበር። ሁላችንም አየን። አንድ ሰው «ይቆማል አሁን» አለ። ቶሎ አልቆመም። ታክ «ኖራ፣ ኖራ» አለ፤ አለበስነው።

ማታ መርፌው ይቀራል ብዬ ነበር። መጣች። እጇን ስትታጠብ ከጥፍሯ ሥር ኖራ ይወጣ ነበር።

«ዛሬስ ይቅርብሽ፣ ሚየን» አልኳት።

«አራተኛው ነው» አለች። «ከተቋረጠ ይመለሳል።»

ሦስተኛ ወር 12

አምስተኛው። ጨርቁን ፈትታ ጣቴን በአልኮል አበሰችው።

«እጠፈው። ዘርጋው። ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«በል እንግዲህ፣ ጻፍበት።»

ብልቃጡን አጥባ ከቦታው መለሰችው። ሚየን ከወጣች በኋላ ቶዋ በሩን ዘግታ ብዙ አለቀሰች፤ ምን ሆነሽ ብላት አልነገረችኝም። የሴት ነገር።

ሦስተኛ ወር 14

ከጠዋት ጀምሮ በየቤቱ ዞሬ የታመሙትን ወጋሁ። ሠላሳ አምስት ብልቃጥ። «ምንድነው ጋሼ?» ሲሉኝ «ቫይታሚን ነው፣ ማገገሚያ» አልኳቸው።

ሦስተኛ ወር 17

ቆመዋል። ይበላሉ። አንድም አልሞተም።

ታክ በድምፅ ማጉያው «ምንጩ ደርቋል» ብሎ ተናገረ። ራንግ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «የዚያች ሴትዮ አሳማዎች ቀደም ብለው ቢወገዱ ኖሮ የእኔም ይተርፉ ነበር» አለኝ። «ይተርፉ ነበር» አልኩት።

ከሞቱት ሃያ ሰባት አሳማዎች ውስጥ ስንቱ ይተርፍ እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት አለ። እኔን ግን ሆዴ ምንም አላለኝም።

አራተኛ ወር 3

ሚየንን የአውቶቡስ መንገድ ላይ ቆማ አየኋት አለች ቶዋ። አንድ ጆንያና አንድ ድስት ይዛ። ቶዋ የተቀቀለ ሩዝ በቅጠል ጠቅልላ ልትሰጣት ሮጣ ነበር፤ አልደረሰችባትም።

ስምንተኛ ወር 9

የመኸር ክትባት። ማስታወቂያውን ራሴ ጻፍኩት፣ ታክ በድምፅ ማጉያው አነበበው፦ «ከክትባቱ በፊት ዐሥር ቀን፣ ከክትባቱም በኋላ ዐሥር ቀን፣ ምንም ዓይነት ዱቄት ለአሳማ እንዳይሰጥ።» ሦስት ጊዜ አነበበው። ወረቀቱ ላይ እንዳለው ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት።

«ጋሼ፣ ያ ብርቱካንማው ዘንድሮ ቀረ?» አለ ራንግ።

«የክትባቱ ዓይነት ተቀይሯል።»

«አዪ፣ ለዚህ ነዋ» አለ። ሌላ የጠየቀኝ የለም። ታክ ለወረዳ ሽልማት ስሜን ማስተላለፉን በጆሮዬ ነገረኝ።

በሚየን ደጅ አለፍኩ። ጋጣው ውስጥ ራንግ ዳክዬ አስገብቶበታል።

ዞሬ ስጨርስ ብልቃጡ ውስጥ የሁለት አሳማ ክትባት ተረፈኝ። ስቀምር በድሮው ልማዴ እሷንም ቆጥሬያት ኖሯል። አንዴ ከተከፈተ አይቀመጥም፤ ቦዩ ውስጥ ደፋሁት።